በመኪና የተጎዳ ሰው እንዴት ይካሳል? ከወሎ ለቀረቡ ጥያቄዎች መልስ

ጥያቄ (ደሴ)፦ አሜሪካ ያለው ወንድሜ «እዚህ የካሳ ሕጉን አሻሽለው ድሃ መክሰስ አቃተው» ይላል። የካሳን ጣሪያ መወሰንና ፍርድ ቤት መግባት ምን አገናኛቸው?

መልስ፦ የሚያገናኛቸው የጠበቃው ሒሳብ ነው። እዚያ የጉዳት ጠበቃ ከደንበኛው ቅድሚያ አይቀበልም፤ የባለሙያ ምስክር ወጪ እሱ ይሸፍንና ሲያሸንፍ ብዙ ጊዜ ከካሳው ሲሶ ያህል ይወስዳል፤ ካሳው ካነሰ የእሱም ድርሻ ያንሳል። ካሊፎርኒያ በ1975 እ.ኤ.አ. በሕክምና ስህተት ክስ የኅሊና ጉዳት (የሥቃይና የሐዘን) ካሳ ከ250,000 ዶላር እንዳይበልጥ ወሰነች። ከ2023 ጀምሮ ጣሪያው ከፍ ብሏል። ቴክሳስ በ2003 በሐኪሞች ላይ ይህንኑ መጠን አስቀመጠች፤ የባለሙያ ሪፖርት በ120 ቀን ካልቀረበም ክሱ ይዘጋል። የቀረ ደመወዝ ጣሪያ የለውም። ስለዚህ ደመወዝተኛ ጠበቃ ያገኛል፤ ሕፃን፣ ጡረተኛና የቤት እመቤት ግን «አያዋጣም» ተብለው ይመለሳሉ።

ጥያቄ (ባቲ)፦ እኛ ጋስ የካሳ ጣሪያ አለ?

መልስ፦ አለ፤ ያውም የባሰ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አንቀጽ 2116፣ የኅሊና ጉዳት ካሳ ከ1,000 ብር አይበልጥም ይላል። ዛሬ በዚያ ገንዘብ ከባቲ ገበያ ፍየል አይገዛም። የቁሳዊ ጉዳት ካሳ ግን ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ነው (አንቀጽ 2091)። ክሳችሁን እዚያ ላይ አጠንክሩ፦ የሕክምና ደረሰኝ፣ የመመላለሻ ወጪ፣ የሐኪም ቦርድ የአካል ጉዳት መቶኛ፣ የገቢ ማስረጃ። የቀን ሠራተኛ ወይም ገበሬ ደመወዝ ስለማይከፈለው «ገቢ የለውም» ይባልበታል፤ ገቢውን የሚያውቁ ምስክሮች ቁጠሩለት።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ የአጎቴን ልጅ አይሱዙ ገጨው። መድን ድርጅቱ «ከዚህ በላይ አንከፍልም» አለ። አለቀ ማለት ነው?

መልስ፦ አላለቀም። ያ የሦስተኛ ወገን መድን (መኪናው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚገባ መድን) ጣሪያ እንጂ የባለቤቱ ዕዳ ጣሪያ አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 የመኪናው ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል፤ ቀሪውን ከእሱ ጠይቁ። ባለቤትነት በሊብሬው ስለሚረጋገጥ የሰሌዳ ቁጥሩንና የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርቱን ቶሎ ያዙ። ተጎጂው የተገጨ ሳይሆን በመኪናው በነፃ ተሳፍሮ የነበረ ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ያኔ ጥፋት ማስረዳት ይጠበቅበታል (አንቀጽ 2089)። ገጭቶ ባመለጠ መኪና ለተጎዳ ሰው ደግሞ የመድን ፈንድ አለ።

ጥያቄ (ወልድያ)፦ ለመዝገብ መክፈቻ የምከፍለው የለኝም።

መልስ፦ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በደሃ ደንብ፣ ማለትም የዳኝነት ክፍያ ሳይከፍሉ፣ ለመክሰስ ማመልከት ነው (የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ)፤ ንብረትዎን ሳይደብቁ ይዘርዝሩ፣ የተደበቀ ከተገኘ ፈቃዱ ይነሳል። ሁለተኛው፣ ሾፌሩ በወንጀል ከተከሰሰ፣ ችሎቱ መሰማት ሲጀምር በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት አንቀጽ 154 ካሳ መጠየቅ ነው፤ የዳኝነት ክፍያ የለውም። ጉዳዩ ከተወሳሰበ ግን ዳኛው ወደ ፍትሐ ብሔር ችሎት ሊመልስዎ ይችላል።

ጥያቄ (ሐይቅ)፦ ሽማግሌ ገብቷል፣ አበጋርም (የወሎ ባህላዊ አስታራቂ) ይዞታል። ክሱ ይቆይ?

መልስ፦ ዕርቁ ይቀጥል፤ ቀኑን ግን ቁጠሩ። ይርጋው (የመክሰሻው ጊዜ ገደብ) ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ነው (የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2143)፤ ድርጊቱ ረዘም ያለ ይርጋ ያለው ወንጀል ከሆነ በዚያ ይታያል። ሽምግልና መቀመጥ ብቻውን ጊዜውን አያቆመውም፤ ተከሳሾች «ይደር፣ ይደር» የሚሉትም ብዙ ጊዜ ለዚሁ ነው። የዕርቅ ወረቀት ላይ «ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ካለ፣ ሐኪም የጉዳቱን መጠን ሳይወስን አትፈርሙ። የቀብር ወጪ ብቻ ተቀብላችሁ ከሆነ «ለቀብር ወጪ ብቻ» ብላችሁ አስጽፉ።