ጠጠሩን የሚፈጨው ሞገድ ጨረር አይደለም

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብኩት። እህትህ 26 ዓመቷ ነው፤ ግራ ኩላሊቷ ላይ ጠጠር ተገኝቶ አዲስ አበባ ሄዳ በማሽን እንዲፈጭላት ተወስኗል። እናታችሁ ግን «ጨረሩ ወልዳ እንዳትስም ያደርጋታል» ብለው እምቢ ብለዋል። እኔ እዚሁ ባህር ዳር ፊዚክስ አስተምራለሁ። ይህንኑ ሕክምና ወስጃለሁ፤ ያኔ እኔም ገና አላገባሁም ነበር። ስለዚህ ያየሁትንም የማውቀውንም ልንገርህ።

ጠጠሩን የሚሰብረው ሞገድ ጨረር አይደለም። የግፊት ሞገድ ነው፤ ከድምፅ ጋር ይዛመዳል። ጄል በተቀባና ውሃ በሞላ ትራስ በኩል ወደ ታካሚው ጎን ይገባና ጠጠሩ ላይ ተሰብስቦ ይሰነጥቀዋል። ሰው ላይ መጀመሪያ የተሞከረው እ.ኤ.አ. በ1980 ጀርመን ሙኒክ ውስጥ ነው። ጨረር የሚመጣው ከሌላ በኩል ነው። ሞገዱ ጠጠሩን እንዲያገኘው መነጣጠር አለበት፤ ለማነጣጠር ደግሞ ጠጠሩ መታየት አለበት። የሚታየው በራጅ ከሆነ ጨረር አለ፤ በአልትራሳውንድ ከሆነ ምንም ጨረር የለም።

የኔ በራጅ ነበር። ባለሙያው የእግር መርገጫውን ሲጫን ስክሪኑ ላይ ጠጠሬ ብቅ ይላል። እግሩን ሲያነሳ ጨረሩ ይቆማል፤ የመጨረሻው ምስል ግን ስክሪኑ ላይ ይቀራል። ከዚያ ምቱ ይጀምራል። ጧ፣ ጧ፣ ጧ። አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ ከ60 እስከ 90 ምት ነው፤ በአንድ ቀጠሮ በሺህ የሚቆጠር ምት ይሰጣል። በመሃል ያቆምና ጠጠሩ ከቦታው እንዳልሸሸ ደግሞ ያያል። ስተነፍስ ጠጠሩ ከፍ ዝቅ ሲል በዓይኔ አይቻለሁ። ታካሚው በተገላበጠ ቁጥር እንደገና ማነጣጠር፣ እንደገና ራጅ ማብራት ግድ ይሆናል። ለዚህ ነው ማስታገሻው ሳይሠራላት «ትንሽ ቻይው» ቢሏት እሺ እንዳትል የምመክራት። ሕመሙ ሲታገስላት ዝም ብላ ትተኛለች፤ ጨረሩም ይቀንሳል። ሰውነት ሲገዝፍ፣ ጠጠሩ ትልቅ ሲሆን ወይም ወደ ፊኛ በሚወርደው ቱቦ ውስጥ ሲሆን የጨረሩ መጠን ከፍ ይላል። የባለሙያው ልምድም ብዙ ለውጥ ያመጣል።

መጠኑን በቁጥር እንየው። የጨረር መለኪያው ሚሊሲቨርት ይባላል። ማንም ሰው ሆስፒታል ሳይረግጥ ከአፈር፣ ከአየር፣ ከምግብና ከሰማይ በዓመት በአማካይ 2.4 ያህል ያገኛል፤ ይህ የዓለም አማካይ ነው። ተራ የሆድ ራጅ በአብዛኛው ከ1 አይበልጥም። መደበኛ ሲቲ ስካን ወደ 10 ሊጠጋ ይችላል። በራጅ የሚታገዝ አንድ የጠጠር መፍጨት አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ መደበኛ ሲቲ ስካን ያነሰ ነው። ሴትን የሚያመክን ጨረር ለካንሰር ሕክምና ሆድና ዳሌ ላይ የሚሰጠው ዓይነት ነው፤ እሱ ከዚህ በብዙ መቶ እጥፍ ይበልጣል። እኔ ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የኔ መውለድ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ማስረጃው የመጠኑ ልዩነት ነው። ለእናታችሁ ግን የኔን ነገር ቀድመህ ብትነግራቸው ይሻላል።

እርግዝና ሌላ ጉዳይ ነው። እርጉዝ ሴት ይህ ሕክምና ጭራሽ አይሰጣትም። የወር አበባዋ ከዘገየ መናገርና መመርመር አለባት። ይህን እናቷ ፊት አትጠይቋት፤ ለብቻዋ ሐኪሙ ይጠይቃት።

እኔን የሚያሳስበኝ የመፍጫው ክፍል አይደለም። ከዚያ በፊት ጠጠሩን ለማየት የሚነሳው ሲቲ ስካን ነው። እኔ አንድ ቦታ ሲቲ ተነስቼ ውጤቱን ይዤ ሌላ ቦታ ስሄድ «የሌላ አንቀበልም» ተብዬ ወር ሳይሞላ ድጋሚ አስነሱኝ። ጠጠሩ ያው፣ ቦታው ያው። ገንዘቡም አንገብግቦኛል፤ የባሰው ግን ያለ ጥቅም የገባብኝ ጨረር ነው። የኩላሊት ጠጠር ደግሞ ተመላልሶ የሚመጣ በሽታ ነው፤ በ26 ዓመቷ የጀመራት ሰው ገና ብዙ ምርመራ ይጠብቃታል። ስለዚህ ፊልሙንም ሲዲውንም ይዛችሁ ሂዱ፤ የወረቀት ውጤት ብቻ አይበቃም። «ድገሙ» ከተባላችሁ ምን አዲስ ነገር እንደሚፈለግ ጠይቁ። በቂ ምክንያት ካለና ግድ ከሆነ በዝቅተኛ ጨረር ይደረግልን በሉ፤ ጠጠርን ለማየት ከ4 ሚሊሲቨርት በታች የሚሠራ አሠራር አለ። ከሕክምናው በኋላ ለክትትል በአብዛኛው አልትራሳውንድና ተራ ራጅ ይበቃሉ።

ቀጠሮ ስትይዙም ማሽኑ በአልትራሳውንድ ያነጣጥር እንደሆነ ጠይቁ። ብዙዎቹ አዳዲስ ማሽኖች ሁለቱንም ይዘዋል። የእህትህ ጠጠር ኩላሊት ውስጥ ስለሆነ በአልትራሳውንድ የመታየት ዕድሉ ጥሩ ነው። ወደ ቱቦው ቢወርድ ግን በተለይ መሃል አካባቢ አጥንትና የአንጀት አየር ይጋርዱታል፤ ያኔ ራጅ ይሻላል። ጨረር ጠልታችሁ በማይታይ ጠጠር ላይ ቢተኮስ ሕክምናው ይባክናል፤ መድገም ይመጣል።

ከተመለሰች በኋላ ውሃ በደንብ ትጠጣ። የባህር ዳርን ሙቀት ታውቀዋለህ፤ ሁዳዴ የሚውለው ደግሞ ሙቀቱ በሚበረታበት ጊዜ ነው። እስከ 9 ሰዓት ያለ ውሃ መዋል ለጠጠር በሽተኛ አይሆንም። ከነፍስ አባቷ ጋር ትነጋገር፤ የኔ ነገሩን ሲሰሙ ወዲያው ነው የፈቀዱልኝ። ሽንቷ ለአንድ ሁለት ቀን ቢቀላና አሸዋ የሚመስል ነገር ቢወርድ አትደንግጡ። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ፣ ሽንት እምቢ ካለ ወይም ውጋቱ ማስታገሻ ካልያዘው ግን አዲስ አበባ ያለው ሐኪም ስልክ እስኪያነሳ አትጠብቁ። እዚሁ ባህር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት። እዚያ ሲቲ ካዘዙላት ደግሞ ትነሳ፤ ያኔ የሚያስፈራው ጨረሩ ሳይሆን የተዘጋ ኩላሊት ነው።