ኮመን ኮርስ ለምትንቁ ልጆቼ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ከግቢ መጥቶ እኛ ቤት አደረ። ፍሬሽማን ነው፤ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች በጋራ የሚወስዷቸውን ኮመን ኮርሶች እየተማረ ነው። «ጋሼ፣ ኢንጂነሪንግ ለምማር ሰው አንትሮፖሎጂ ምን ይሠራልኛል?» አለኝ። ሃንድአውቱን ተቀብዬ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጥኩ። «ተማሪው ይህን ኮርስ ሲጨርስ...» ብሎ ይጀምራል። «ይቺን አንብበሃታል?» ስለው ሳቀ። «እሷ እኮ ፈተና ላይ አትመጣም።»

እውነቱን ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተናም የሚያተኩረው በየትምህርት ክፍላችሁ ላይ ነው፤ 50 ከመቶ ካመጣችሁ አለፋችሁ። ስለዚህ ቀርቶ በ2012 የተመለሰውን የፍሬሽማን ዓመት፣ ሎጂኩንም ሳይኮሎጂውንም፣ ቸክሎ መገላገል ብልጠት ይመስላል። እኔም በጊዜዬ ሎጂክ ክፍል ከኋላ ተቀምጬ ካልኩለስ እሠራ ነበር።

ተመርቄ በሁለተኛው ዓመት አንድ ገጠር ቀበሌ ውስጥ የውሃ ቦኖ አሠራሁ። የግፊቱ ሂሳብ ልክ፣ ቧንቧው ልክ፣ ሲሚንቶው ልክ። ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ሴቶቹ ወረፋ ሲጠብቁ ፀሐይ እንዳይመታቸው ብዬ ትልቅ ዋርካ ሥር አደረግሁት። ከሁለት ወር በኋላ ስመለስ በቦኖው ዙሪያ ሣር በቅሏል። ሴቶቹ እንስራ አዝለው የድሮው ወንዝ ይወርዳሉ። የውሃ ኮሚቴውን ብጠይቅ «ሰው አልለመደውም፣ ቅስቀሳ ይፈልጋል» አሉኝ። እኔም ያንኑ ሪፖርት ላይ ጻፍኩ።

ነገሩን የገለጡልኝ አንዲት እናት ናቸው። «ልጄ፣ ዋርካው ሥር ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ። አማቶቻችን ሁሉ እዚያ ናቸው። እንስራ ተሸክመን በፊታቸው ስንመላለስ እንዋል?»

ኮሚቴው በሙሉ ወንድ ነበር። ውሃ ቀድቶ የማያውቅ ሰው ስለ ውሃ መቅዳት ጠይቄ አመንኩ። ነገሩን የማያውቅ ሰው ምስክር አድርጎ መቀበል ሎጂክ ኮርስ ውስጥ ስም ያለው ስህተት ነው። ካልኩለስ ስሠራ አመለጠኝ።

እና ያቺን የሃንድአውቱን የመጀመሪያ ገጽ አንብቧት። «ይረዳል»፣ «ይገነዘባል» የሚሉትን እለፏቸው፤ መረዳታችሁን ማን ያውቃል? (ጸሐፊዎቹም ሲቸግራቸው የሚጽፏቸው ይመስለኛል።) «ይለያል»፣ «ያነጻጽራል»፣ «ይጽፋል» የሚሉት ላይ ቁሙ። ከፋይናል በፊት አንዷን ምረጡና ከክፍል ውጪ ሞክሯት። ዶርም ውስጥ ክርክር ሲጦፍ ማን ሐሳቡን መሞገት ትቶ ሰውየውን እንደሚዘልፍ ለዩ። ከሌላ አካባቢ የመጣ ጓደኛችሁን እነሱ ጋ ለቅሶ እንዴት እንደሚደረስ ጠይቁት።

ቦኖውን በኋላ አርባ ሜትር ያህል አዛወርነው። ለተጨማሪው ቧንቧ ገንዘብ የምጠይቀው ደግሞ እኔ ነበርኩ። አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። አለቃዬ ሦስት ጊዜ መለሱብኝ። በሦስተኛው ከላይ በቀይ ብዕር «ምን ፈልገህ ነው?» ብለው ጽፈውበት ነበር።