ዓምዶቹን ይቁጠሩ

ጥያቄ፦ የምኖረው በባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ነው። ከአጎቴ የወረስኩት፣ ለብዙ ዘመን በሳሎናችን ግድግዳ ላይ የኖረ ጥቁርና ነጭ የኅትመት ሥዕል አለኝ። ራሳቸው በቅጠል ቅርጽ ያጌጠ ረጃጅም ዓምዶች፣ በአግዳሚው ድንጋይ ላይ ጎጆ የምታህል ግንብ፣ ከሥር ደግሞ ጥምጥም የጠመጠሙ ሰዎችና ፍየሎች ይታዩበታል። ከግርጌው «አቴና» የሚል ቃልና የሁለት ሰዎች ስም በላቲን ፊደል ተጽፎበታል፤ ዓመተ ምሕረት ግን የለውም። ዕድሜውን በምን ላውቅ እችላለሁ? የተሣለውስ በእውነት የነበረ ነገር ነው ወይስ የሠዓሊው ፈጠራ? ወረቀቱ ቡናማ ነጠብጣብ እያወጣ ስለሆነ በበረኪና ላጸዳው አስቤአለሁ።

መልስ፦ ከሁሉ በፊት እባክዎ በረኪናውን ያርቁት። ወደ እሱ እንመለስበታለን።

ከገለጻዎ እንደምንረዳው ሥዕሉ የሚያሳየው ከአቴናው አክሮፖሊስ (በኮረብታ ላይ ካለው የከተማዋ ጥንታዊ ምሽግ) በስተ ደቡብ ምሥራቅ የሚገኘውን የኦሊምፖሱ ዜውስ (የጥንት ግሪኮች የበላይ አምላክ) ቤተ መቅደስ ነው። ግንባታው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዓመት ተጀምሮ፣ ብዙ ጊዜ ተቋርጦ፣ በሮማዊው ንጉሠ ነገሥት በሐድሪያን ዘመን፣ በ2ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በኋላ የተፈጸመ ሲሆን፣ 17 ሜትር ያህል የሚረዝሙ 104 ዓምዶች ነበሩት። ዕድሜውን ለማወቅ ዋናው ምስክርዎም እነዚሁ ዓምዶች ናቸው። እስከ 1759 (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) 17 ዓምዶች ቆመው ነበር፤ በዚያ ዓመት የከተማዋ የኦቶማን ገዥ ለመስጊድ ሥራ ኖራ ሲፈልግ አንዱን አስፈረሰው። እብነ በረድ በእሳት ሲቃጠል ኖራ ይሆናልና፣ ከዚያ አገር ጥንታዊ ሕንጻዎች ብዙዎቹ ያለቁት በጦርነት ብቻ ሳይሆን በኖራ ምድጃም ጭምር ነው። የቀሩት 16 ሲሆኑ፣ 13ቱ በአንድ ወገን ተሰብስበው፣ 3ቱ ራቅ ብለው ለብቻቸው ቆመው ነበር። በ1852 በተነሣ ዐውሎ ነፋስ ከሦስቱ መካከለኛው ወደቀ፤ ዛሬም እንደ ወደቀ፣ ክብ ክብ ድንጋዮቹ በተርታ ተጋድመው ይታያሉ።

ስለዚህ አጉሊ መነጽር ይያዙና ይቁጠሩ። ለብቻቸው የቆሙት ሦስት ከሆኑ ሥዕሉ የተነሣው ከ1852 በፊት ነው፤ ሁለት ቆመው አንዱ በመካከላቸው ከተጋደመ ከዚያ በኋላ ነው። ሠዓሊው የቆመበት አቅጣጫ ዓምድን በዓምድ ሊከልል ስለሚችል ግን በድምሩ ላይ ሳይሆን በእነዚህ በሦስቱ ላይ ያተኩሩ። ጎጆ የምታህለው ግንብም ፈጠራ አይደለችም፤ የባሕታዊ ማደሪያ እንደነበረች ይነገራል፣ በጥንታዊ ፎቶግራፎችም ላይ ትታያለች። የስምዖን ዘዓምድን ገድል ለሚያውቅ ያገራችን አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ሰዎቹንና ፍየሎቹን በተመለከተ ግን ያን ያህል አንተማመንባቸውም። ከግርጌው ካሉት ስሞች በልማድ የግራው የሠዓሊው፣ የቀኙ ንድፉን በማተሚያ ሰሌዳ ላይ የቀረጸው የቀራጹ ነው፤ ቀራጹ አብዛኛውን ጊዜ ለንደን ወይም ፓሪስ ተቀምጦ የሚሠራ፣ አቴናን በዓይኑ ያላየ ባለሙያ ስለነበረ፣ ፊት ለፊት የሚታየውን ባዶ ቦታ ገዢ በሚወደው እረኛና መንገደኛ መሙላት የተለመደ ነበር።

ሥዕልዎ የአክሮፖሊስ ቢሆን ኖሮ ምልክቶቹ ሌላ በሆኑ ነበር። በ1687 በቬኒስ ጦር መድፍ ምክንያት ባሩዱ ፈንድቶ በፈረሰው ፓርቴኖን በተባለው የአክሮፖሊስ ቤተ መቅደስ ውስጥ የተሠራችው ትንሽ መስጊድ እስከ 1840ዎቹ መጀመሪያ ቆይታለች፤ በመግቢያው በኩል የነበረው ረጅም የፍራንኮች (የምዕራብ አውሮፓውያን) ግንብ ደግሞ የፈረሰው በ1875 ነው።

ይህ ሁሉ የሚነግርዎ ንድፉ የተነሣበትን ዘመን እንጂ ወረቀቱ የታተመበትን አይደለም፤ አንድ የተቀረጸ ሰሌዳ ለብዙ ዓመታት ደጋግሞ ይታተም ነበርና። ሥዕሉን ከክፈፉ አውጥተው ጠርዙን በጣትዎ በቀስታ ይዳስሱ። በመዳብ ወይም በብረት ሰሌዳ የታተመ ከሆነ ሰሌዳው ወረቀቱን ተጭኖ የተወው ጎድጎድ ያለ መስመር በዙሪያው ይኖራል፣ ጠርዙ ተቆርጦ ካልሆነ በቀር። ሊቶግራፍ ማለትም በድንጋይ የታተመ ከሆነ ይህ መስመር አይኖረውም። በአጉሊ መነጽር ሲያዩት በጋዜጣ ፎቶ ላይ እንዳለው ዓይነት በሥርዓት የተሰለፉ ነጥቦች ከታዩዎት ግን፣ በፎቶግራፍ ዘዴ የተባዛ በኋላ ዘመን የመጣ ቅጂ ነው። የወረቀቱን ቢጫነት የዕድሜ ማስረጃ አያድርጉት። ከጨርቅ የተሠራው የቀድሞው ወረቀት ከ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በኋላ ከተስፋፋው ከእንጨት ከሚሠራው ወረቀት ይልቅ ንጣቱንና ጥንካሬውን ጠብቆ ይኖራልና፣ የሚቢጨው ብዙ ጊዜ ታናሹ ነው።

ነጠብጣቡን የሚያባብሰው እርጥበት ነው፤ በሐይቁ ዳር በክረምት እርጥበት ምን ያህል እንደሚበረታ ለእርስዎ መንገር አያሻንም። በረኪና ነጠብጣቡን ለጊዜው ቢያደበዝዘውም የወረቀቱን ቃጫ ይበላዋል። ከዚህ ይልቅ መስታወቱ ወረቀቱን እንዳይነካው በመካከላቸው ክፍተት ይተዉ፣ ከጀርባው ያለውን አሮጌ ካርቶን አሲድ በሌለው ይለውጡ፣ ዝናብ ከሚመታው ግድግዳ አውርደው ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘው በውስጠኛው ግድግዳ ላይ ይስቀሉት።

ጥያቄ፦ (ከጎርጎራ) በዚያው ዘመን ያገራችን ፍርስራሾችስ እንዲህ ተሥለው ታትመዋል?

መልስ፦ አዎን። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ሄንሪ ሶልት በ1805 ወደ አገራችን መጥቶ ያነሣው የአክሱም ሐውልት ንድፍ፣ በ1809 በለንደን ባሳተማቸው 24 ትልልቅ የኅትመት ሥዕሎች መካከል ይገኛል። የአሠራሩ ሂደትም ከላይ ከገለጽነው አይለይም፤ እሱ በቦታው የነደፈውን ሌሎች ቀራጮች ለንደን ላይ በሰሌዳ ቀረጹት። በ1809 እና በ1810 ባደረገው ሁለተኛ ጉዞም ከትግራይ ስላላለፈ፣ ጎንደርንም ሆነ የጣናን ዳርቻ አላየም።