ፓምፑን ከማስወረድህ በፊት፦ ለመሐል ሜዳው ሎንግ ቤዝ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። መኪናህ የ1990ዎቹ ላንድክሩዘር ሎንግ ቤዝ ነው፤ ሞተሩም «ዋን ኤች ዜድ» የሚባለው ባለ 6 ሲሊንደር ናፍጣ። ከሸዋ ሮቢት ተነስተህ ደብረ ሲናን እስክታልፍ ደህና ይመጣና የጣርማ በርን ዳገት ሲይዝ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ማርሽ እየቀነስክለትም ጭስ ሳያወጣ ይጠፋል። ጥቂት ካረፈ በኋላ ምንም እንዳልነካው ይነሳል። ጠዋት መሐል ሜዳ ላይ ደግሞ ለመነሳት ያስቸግራል፣ ነጭ ጭስ ያወጣል፣ ይንዘፈዘፋል። መካኒኩ «ፓምፑ ደክሟል፤ ወርዶ አዲስ አበባ ይሂድ» ብሎሃል። የምትጠይቀው ይህን ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚረጨውን ፓምፕ ላስወርደው ወይስ ልተወው ነው።

አታስወርደው። ቢያንስ አሁን አታስወርደው። ይህን የምለው ፓምፕ አይደክምም ብዬ አይደለም፤ በእኛ መንገድና በእኛ ናፍጣ የሚሠራ አሮጌ ፓምፕ ይደክማል። የጻፍካቸው ምልክቶች ግን ከፓምፑ በፊት የሚያስጠረጥሩት ናፍጣው ወደ ፓምፑ የሚመጣበትን መንገድ ነው። ፓምፕ ማስወረድ ብዙ ገንዘብ ያስወጣል። ከዚህ በታች የምነግርህ ግን አብዛኛው በአንድ ካቻቪቴና በአንድ ሜትር ቱቦ የሚያልቅ ነው።

ከጻፍከው ሁሉ ትልቁን ነገር የያዘችው «ጭስ ሳያወጣ» የምትለዋ ናት። ይህ ሞተር ተርቦ፣ ማለትም አየር በግፊት የሚጨምር መሣሪያ፣ የለውም፤ የሚተነፍሰው አካባቢው የሰጠውን አየር ብቻ ነው። ጣርማ በር ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ እዚያ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ጤነኛ ሎንግ ቤዝም የጣርማ በር ዋሻ ጋ የሚደርሰው የጉልበቱን ሲሶ ያህል ጥሎ ነው፤ ይህን የሚያድን መካኒክ የለም። ነገር ግን አየሩ ሲሳሳ የሚረጨው ናፍጣ በዚያው ልክ ካልቀነሰ ጭሱ መጥቆር ነበረበት። ለከፍታ ናፍጣውን የሚቀንስ መሣሪያ ያላቸው ፓምፖች አሉ፤ እነሱም ጭሱን ያሳንሱታል እንጂ መኪናውን አያጠፉትም። የአየር ፊልትሮ በመንዝ አቧራና በገብስ ገለባ ሲታፈንም የሚወጣው ጥቁር ጭስ ነው። ያንተ መኪና ግን ዳገቱ በከበደ ቁጥር ጉልበቱም ጭሱም አብረው ይጠፋሉ። የሚቃጠል ናፍጣ አልደረሰውም ማለት ነው። ጭስ የሌለው ድካም ረሃብ ነው።

በዚህ ሞተር ላይ ናፍጣውን ከታንኩ እየገፋ የሚልክ ሌላ ፓምፕ የለም። ዋናው ፓምፕ ራሱ ከኋላ ካለው ታንክ፣ በሻሲው ስር በሚያልፈው ቱቦና በፊልትሮው በኩል እየሳበ ይጠጣል። ሜዳ ላይ ትንሽ ይበቃዋል። ከሸዋ ሮቢት እስከ ጣርማ በር ወደ 2,000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ሲወጣ ግን ፋታ የለውም። በከፊል የተደፈነ ፊልትሮ ወይም በታንኩ ውስጥ ዝገት የያዘው ወንፊት ከደብረ ብርሃን እስከ ሸኖ ሲነዳ ሳይታወቅ ይኖራል፤ የሚያጋልጠው ዳገት ነው። ቆሞ ሲያርፍ በቱቦው ውስጥ የተወጠረው መሳብ ይረግባል፣ ወንፊቱ ላይ የተለጠፈውም ይወርዳል፣ መኪናው ይነሳል፣ ባለቤቱም «በራሱ ተሻለው» ይላል።

የመጀመሪያ ጥያቄዬ ስለ ታንኩ ክዳን ነው። የፋብሪካው ነው ወይስ ፌስታል ጠቅልለህ የወተፍከው? እንዳትስቅ፤ በዚህ አገር ከማየው የተለመደው ይህ ነው። ናፍጣ ሲወጣ በቦታው አየር መግባት አለበት፤ የፋብሪካው ክዳን ለዚህ መተንፈሻ አለው፣ ፌስታል ግን የለውም። መኪናው ሲጠፋብህ ወዲያው ወርደህ ክዳኑን ክፈት። አየር ሽው ብሎ ወደ ውስጥ ሲገባ ከሰማህና መኪናው ወዲያው ከተነሳ፣ በሽታህን አገኘኸው፤ የቀረውን ባታነበውም ግድ የለም። መኪናህ ባለ ሁለት ታንክ ከሆነ ደግሞ ወደ ሌላው ታንክ ቀይረህ ያንኑ ዳገት ውጣ። ይህም ምንም አያስወጣህም።

ክዳኑ ንጹሕ ከሆነ ኮፋኖውን ክፈትና በናፍጣ ፊልትሮው ራስ ላይ ያለችውን የእጅ ፓምፕ ተጫናት። ጊዜው ወሳኝ ነው፤ መኪናው በጠፋበት ቅጽበት እንጂ ካረፈ በኋላ አይደለም። ተጭነህ ስትለቃት ወደ ላይ ለመመለስ ከዘገየች ወይም ሰምጣ ከቀረች፣ ከታንኩ በኩል የደፈነ ነገር አለ። ብዙ ጊዜ ስትጫናት ላላ ካለችና እየቆየች ከጠነከረች፣ መስመሩ ውስጥ አየር ገብቷል። ገና በመጀመሪያው ጠንካራ ከሆነች ናፍጣው እስከዚያ ደርሷልና ከፊልትሮው ወደ ፓምፑ ያለውን ተመልከት። በአንዳንድ ፓምፖች መግቢያ ቡሎን ውስጥ ትንሽ ወንፊት አለች፤ መኖሯን ሳያውቁ ፓምፕ የሚያወርዱ ሰዎች አጋጥመውኛል።

አሁን ወደ ጠዋቱ ችግር። ሁለት ምልክት ሲኖር ሁለት በሽታ አለ ብሎ መቸኮል የለብህም፤ ሁለቱን የሚያስረዳ አንድ ቦታ ካለ መጀመሪያ እሱ ይፈተሽ። አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ሌሊት ናፍጣውን ወደ ታንኩ ይመልሳል፣ ቀን ዳገት ላይ ደግሞ ፓምፑን አየር ያጠጣዋል። ስለዚህ ነገ ጠዋት ቁልፍ ከመንካትህ በፊት የእጅ ፓምፗን እስክትጠነክር ተጫናት፤ ከዚያ እንደ ወትሮው አሙቀህ አስነሳው። ያለ ችግር ከተነሳ የሌሊቱ ጥፋት የናፍጣው መመለስ ነው። ለውጥ ከሌለው የማሞቂያ ካንዴላዎቹ ተራ ነው።

ካንዴላዎቹን ለመፈተሽ የሚያገናኛቸውን የብረት ሰሌዳ ፍታ። ከዚያ በትንሽ አምፖል አማካይነት ከባትሪው ፖዘቲቭ ወደ እያንዳንዳቸው ጫፍ ነካ አድርግ። አምፖሉ የበራበት ካንዴላ ደህና ነው፤ ያልበራበት ተቃጥሏል። ያለ አምፖል በቀጥታ ከባትሪ ጋር አታገናኝ፤ ሁሉም መኪና አንድ ዓይነት ቮልት አይጠቀምም። ስትገዛም ሻጩ «ያው ነው» ቢልህም በላያቸው የተጻፈውን አንብብ። መሐል ሜዳም ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። የሳሳና የቀዘቀዘ አየር ሲጨመቅ የሚሰጠው ሙቀት አነስተኛ ስለሆነ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ሁለት ካንዴላ ሞቶበት ማንም ያላወቀው መኪና በጥቅምት ውርጭ እናንተ ዘንድ ለመነሳት ያስለምናል።

ስለ አየር ቀዳዳ አንድ ያየሁትን ልንገርህ፤ ባለፈው ክረምት ማግስት የገጠመኝ ነው። ከሞላሌ በኩል እህል የሚያመላልስ አንድ ነጋዴ ልክ እንዳንተ ተነግሮት ፓምፑ ሊወርድ ሲል እኔ ዘንድ መጣ። ከስር ገብተን በባትሪ መብራት ቱቦውን ከታንኩ ጀምረን ተከተልነው። የሚንጠባጠብ ነገር የለም፤ ደግሞም አይኖርም፣ ምክንያቱም መስመሩ ይስባል እንጂ አይገፋም፤ ሞተሩ ሲሠራ ቀዳዳው አየር ያስገባል እንጂ ናፍጣ አያፈስም። ሻሲው በሙሉ ደረቅ ነጭ አቧራ ለብሷል። ላስቲኩ ከብረቱ ቱቦ ጋር በሚገናኝበት፣ ማሰሪያው ስር ግን የጥፍር ስፋት ያላት ጥቁር እርጥብ መስመር ነበረች፤ አቧራው እዚያ ብቻ ጭቃ ሆኗል። ላስቲኩን ሳጥፈው እንደ ደረቀ እንጀራ ተሰነጠቀ። አንድ ክንድ የማይሞላ ቱቦና ሁለት ማሰሪያ ተቀየረ፤ ጉዳዩ አለቀ። አንተም የምትፈልገው የሚፈስ ነገር ሳይሆን አቧራው የረጠበበትን ቦታ ነው። የእጅ ፓምፗ ራሷም ጎማዋ ሲያረጅ አየር ታስገባለች፤ ዙሪያዋን በጨርቅ ጥረግና ቆይተህ ከረጠበች እይ።

በዓይን ካልተገኘ በፊልትሮውና በፓምፑ መሐል ውስጡን የሚያሳይ ቱቦ አስገባና ሞተሩን ከፍ አድርገህ አረፋ ካለ ተመልከት። የግሉኮስ ቱቦ የሚጠቀሙ አሉ፤ ከመጠን በላይ ቀጭን ስለሆነ ራሱ አዲስ ረሃብ ይፈጥራል፣ አትጠቀምበት።

የመጨረሻው ፈተና የጄሪካኑ ነው፤ ለፓምፑ ፍርድ የሚሰጠው እሱ ነው። ንጹሕ ናፍጣ በጄሪካን ሞልተህ ወደ ፊልትሮው የሚገባውንም፣ ከሞተሩ ተርፎ የሚመለሰውንም ቱቦ እዚያ ውስጥ ክተት፤ አዲስ ፊልትሮም ግጠም። ጄሪካኑን ከፊት ተሳፋሪ ወንበር ፊት ወለሉ ላይ አጥብቀህ እሰረው፣ መስኮቱን ክፈት፣ ማንም አያጭስ። ጣሪያው ላይ ባለው ፖርቶ መጋላ አትስቀለው፤ ከላይ በክብደቱ ስለሚወርድ የፓምፑን ድክመት ይደብቅብሃል። ከዚያ ያንኑ ዳገት ውጣ። ያለ ችግር ከወጣ ፓምፑ ነጻ ነው፤ ጥፋተኛው ታንኩ፣ ወንፊቱ፣ ቱቦው ወይም አሮጌው ፊልትሮ ነው። ጭነትም ሰውም ሳትይዝ ሞክረው፣ ለጎማ የሚሆን ድንጋይም ያዝ። ሞተር ሲጠፋ መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑም ጥቂት ጊዜ ከረገጥከው በኋላ ይጠነክራል፤ በጣርማ በር ጉም ውስጥ ከኋላህ ከባድ መኪና እየመጣ ይህን መማር አያስፈልግም።

በጄሪካንም ከጠፋ ያን ጊዜ ፓምፑን ጠርጥረው። የደከመ ፓምፕ ጠባዩ ይታወቃል፤ ሲቀዘቅዝ ጥሩ፣ ሲሞቅ እምቢተኛ ነው፣ የሞቀ ናፍጣ ስለሚቀጥን በተበላው ብረት መሐል ያመልጣል። ሸዋ ሮቢት ምሳ በልተህ ስትመለስ መኪናው በመጀመሪያው ቁልፍ ይነሳል? ከተነሳ ይህ ለፓምፑ ጥሩ ምስክር ነው። ማስነሻ ሞተሪኖው እየዞረ የማይነሳ ከሆነ፣ ሞተሩ ቆሞ ሳለ ፓምፑ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣልበትና ጠብቅ፤ በቀዘቀዘ ጊዜ ከተነሳ መካኒኩ እውነቱን ነው። እየሠራ ባለ ትኩስ ፓምፕ ላይ ግን ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስስ፤ ሊይዝ ይችላል። የፓምፑ ውስጥ ቅባት ናፍጣው ራሱ ነው፤ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ወይም ውሃ ያለበት የበርሜል ናፍጣ የሚጨርሰውም ለዚህ ነው። ከምትቀዳው ናፍጣ በጠርሙስ ወስደህ አሳድረው፤ ውሃ ካለ ከታች ተለይቶ ይቀመጣል።

አንድ ሰው ደግሞ «ሞተሩ አልቋል፣ ኮምፕሬሽን የለውም»፣ ማለትም አየሩን በሚገባ አይጨምቅም፣ ብሎ ሊያስደነግጥህ ይችላል። ሲለካ አጠገቡ ቁም። በጥገና መጽሐፍ የተጻፈው ቁጥር ይህን ከፍታ ታስቦ የተጻፈ አይደለም፤ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ፍጹም ጤነኛ ሞተር ከዚያ ሩብ ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ዝቅ ብሎ ይነበባል። ይህን ያላሰበ ሰው የደጋውን መኪና በሙሉ ሊያስፈታ ይችላል። የሚፈረደው ስድስቱን እርስ በርሳቸው በማነጻጸር ነው፤ አምስቱ ተቀራርበው አንዱ ብቻ ከወደቀ ያ እውነተኛ ችግር ነው።

ነጩን ጭስም አሽትተው። ዓይን የሚቆጠቁጥና ናፍጣ የሚሸት ከሆነ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው፤ እስካሁን ያልነው ይበቃል። የራዲያተሩ ውሃ ከቀነሰ፣ ጭሱም ሞተሩ ሞቆ እንኳ ካልተወ ግን ነገሩ የጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ወይም የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ነው፤ በዚያ መኪና ጣርማ በርን አትሞክር።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ፓምፑ መውረዱ ካልቀረ፣ ፓምፑ ከመፈታቱ በፊት ከተገጠመበት አካል ጋር የሚገናኝበት መስመር ላይ ምልክት መደረጉን በዓይንህ እይ፤ ናፍጣ ወደሚረጩት ኖዝሎች የሚሄዱት ቱቦዎች አፍም በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን። ቫልቮቹንና ፓምፑን ከሞተሩ ጋር አስተካክሎ የሚያዞረው የታይሚንግ ቺንጋ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሠራም ጠይቅ። 100,000 ከደረሰ ወይም ማንም የማያስታውሰው ከሆነ በዚያው ቀይረው፤ እሱ ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ይጋጫሉ፣ ያን ጊዜ የፓምፑ ዋጋ ትንሽ ይመስልሃል። የክዳኑንና የጠዋቱን የእጅ ፓምፕ ውጤት ግን አስቀድመህ ጻፍልኝ።