የሞኔ ቤትና የእናንተ ኪራይ ክፍል

ሥዕል የጀመራችሁ ልጆቼ፣

ከእናንተ አፍ የማይጠፋ ነገር አለ። «ጋሼ፣ ስቱዲዮ ቢኖረኝ እኮ...» ትሉኛላችሁ። ከዚያ ስልካችሁን ታወጡና ፈረንሳይ ገጠር፣ ዢቨርኒ የምትባል መንደር ያለውን የሠዓሊውን የክሎድ ሞኔን ቤት ታሳዩኛላችሁ። አረንጓዴ መስኮቶቹን፣ ቢጫ የተቀባውን የመመገቢያ ክፍል፣ ኩሬውን። እውነቱን ለመናገር እኔንም ያስቀናኛል። ግን ፎቶው የሚያሳያችሁ መጨረሻውን ነው።

ሞኔ ዢቨርኒ የገባው እ.ኤ.አ. በ1883 ነው። አርባ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ቤቱም የኪራይ። ከእሱና በኋላ ሚስቱ ከሆነችው ከአሊስ ኦሽዴ ጋር ስምንት ልጆች ነበሩ፣ ሁለቱ የእሱ፣ ስድስቱ የእሷ። መጀመሪያ ስቱዲዮ ያደረገው ከቤቱ ጋር የተያያዘ ጎተራ ነው። ቤቱን የገዛው ሰባት ዓመት ከተከራየ በኋላ፣ በ1890 ነው።

በዚያው ጊዜ ምን ይሥል ነበር? ጎረቤቱ ያለ የገበሬ ክምር! አዎ፣ አያቶቻችን አውድማ ላይ የሚከምሩት ዓይነት የእህል ክምር። ጠዋት አንድ ሸራ ይይዛል፤ ብርሃኑ ሲለወጥ ያንን አስቀምጦ ሌላ ያነሳል። ውርጭ ሲሆን ሌላ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ሌላ። በ1891 ፓሪስ ውስጥ ዱራን ሩዌል ጋለሪ አሥራ አምስቱን ሰቀለለት፤ ወዲያው ተሸጡ።

ኩሬው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ1893 ከባቡር ሐዲዱ ማዶ መሬት ገዝቶ ውሃ ጠልፎ የውሃ አበባ የሚተክልበት ኩሬ ለመሥራት ፈቃድ ጠየቀ። የመንደሩ ሰዎች «ይሄ የባዕድ አበባ ውሃችንን ይመርዛል» ብለው ተቃወሙ። ቢሮ መመላለስ እዚያም ነበር ለካ! ፈቃዱን በመጨረሻ አገኘ።

እናንተ የምትመኙት ዓይነት ትልቅ ስቱዲዮ፣ ብርሃን ከጣሪያ የሚገባበት፣ የተሠራው ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው፤ አንደኛው የዓለም ጦርነት እየተካሄደ። የውሃ አበባዎቹን የሣለባቸው ግዙፍ ሸራዎች ሌላ ቦታ ስላልበቃቸው ነው ያሠራው። ራሱም መልኩን አልወደደውም። ዛሬ የመታሰቢያ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ሆኗል።

አንድ ነገር ግን ሲዘለል ደስ አይለኝም። ሰውየው ብቻውን አልነበረም። አትክልተኞች ቀጥሯል፤ አንዱ ሥራው ኩሬውን መንከባከብ ነበር። ሸራውን ተሸክማ ማሳ ለማሳ የምትከተለው የአሊስ ልጅ ብላንሽ ነበረች። እሷም ሠዓሊ ናት፤ ከጎኑ ቆማ ትሥል ነበር። ከ1914 ወዲህ ቤቱን ያስተዳደረችለትም እሷ ናት። ስሟን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? እናንተ ስትሥሉ ምሳ የሚያቀርብላችሁ ሰው ካለ፣ ዕቃውን እናንተ እጠቡ።

ለጊዜው መስኮታችሁ ይበቃል። ፊት ለፊት ያለው ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ የተሰጣውን ልብስ ያዙ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሣሉት፤ ያንኑ ልብስ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ድገሙት። ጥላው ጥቁር እንዳልሆነ ያኔ ታያላችሁ። ሸራ ከተወደደባችሁ ካርቶን ላይ ሥሩ። ጀርባው ላይ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ፤ ሁለት ሳምንት ሲሞላ ሁሉንም ግድግዳ ላይ ደርድራችሁ ጥሩኝ፣ እመጣለሁ።