«ደሟ ተበላሽቷል» ብለው ውሻህን እንዳያሸጡህ

ወንድሜ፣ ሼፐርድህ አጥር ዘላ ከሰፈር ውሻ ወለደች። አሁን ደግሞ «ደሟ ተበላሽቷል፤ ከእንግዲህ ንጹህ ወንድ ብታመጣላትም የምትወልደው ክልስ ነው» ብለው ሽጣት ይሉሃል። እውነት ነው ወይ? ወሬውስ ከየት መጣ? ብለህ ነው የጠየቅከው።

እኔም ይሄው ገጥሞኛል። አንድ ውሻ ሻጭ ያለኝን አምኜ የመጀመሪያዋን ውሻዬን ለጎረቤት በነጻ ሰጠኋት። በዓመቱ ከንጹህ ወንድ ስድስት ቡችላ ወለደች። ስድስቱም ሲያድጉ ልክ እንደ ንጹህ ዘር ጆሯቸው ቀጥ አለ። አንጀቴ አረረ። ነገሩን ማንበብ የጀመርኩት በእልህ ነው።

እምነቱ የቆየ ነው፤ ገናና ያደረገው ግን አንድ ፈረስ ነው፣ ያውም ባዝራ። ሎርድ ሞርተን የሚባል ስኮትላንዳዊ ባላባት ኳጋ የተባለውን የሜዳ አህያ ማልመድ ፈለገ። ሴት ኳጋ ሲያጣ ወንዱን ከዳማ ባዝራው ጋር አገናኘው። ዲቃላ ተወለደ። ባዝራዋ ከዚያ ለሌላ ሰው ተሸጠች፤ ጥቁር የዓረብ ድንጉላም አጠቃት። አዲሶቹ ውርንጭሎች ግን እግራቸው ላይ መስመር፣ ጋማቸውም ቀጥ ያለ ሆኖ ተገኘ! ሞርተን ይህን በፈረንጆቹ 1820 ለለንደኑ የሳይንስ ማኅበር ለሮያል ሶሳይቲ ጻፈ። የመጀመሪያው ወንድ ማኅተሙን ጥሎ ያልፋል ተባለ። ዳርዊን እንኳ በ1868 መጽሐፉ ተቀብሎታል። የውሻ አርቢዎችማ ሙጥኝ አሉበት።

ሰው ያኔ ብዙ ነገር ያምን ነበር። ጆሴፍ ሜሪክ የተባለው እንግሊዛዊ መልኩ የተለወጠው እናቱ ስታረግዘው ዝሆን ስላስደነገጣት እንደሆነ ይናገር ነበር። እኛስ አምሮቷን ያጣች እርጉዝ ልጇ ላይ ምልክት ይወጣል እንል የለ?

የሞርተንን ነገር በደንብ የፈተነው የኤድንብራው ፕሮፌሰር ኮሳር ኢዋርት ነው። በ1890ዎቹ ወንድ የሜዳ አህያ አምጥቶ ከባዝራዎች ጋር አገናኘ። ዲቃላ ከወለዱ በኋላ እንደገና በፈረስ አስጠቃቸው። አንዳንዱ ውርንጭላ ላይ ደብዘዝ ያለ መስመር ታየ። ሞርተን ቢሆን እዚህ ላይ ያቆም ነበር። ኢዋርት ግን የሜዳ አህያ አጠገባቸው ደርሶ የማያውቅ ባዝራዎች የወለዷቸውንም አየ። እነሱም ላይ መስመር አለ! ለካ መስመሩ ከፈረሶቹ ከራሳቸው ዘር የሚመጣ ነው። ሞርተን አልዋሸም፤ ያየውን ነው የጻፈው። የሚያነጻጽርበት ነው ያጣው።

ያንተ ሼፐርድም እንዲሁ ናት። ቡችላ 39 ክሮሞዞም (ዘር ተሸካሚ ክር) ከእናቱ፣ 39 ካባቱ ይወስዳል። ያለፈው ዓመት ወንድ ድርሻ የለውም።

ታዲያ «በዓይኔ አይቻለሁ» የሚሉህ ሁሉ ውሸታሞች ናቸው ማለት አይደለም። ውሻ በአንድ እርግዝና ከሁለት ወንድ ቡችላ ልትወልድ ትችላለች። ንጹሁን ወንድ አምጥተህ አገናኝተህ፣ በነጋታው የሰፈሩ ውሻ አጥር ከዘለለ፣ ከቡችሎቹ መሃል ክልስ ሲወጣ ጥፋቱ ባምናው ወንድ ይላከካል። እና አትሽጣት። ወንድ መፈለግ ስትጀምር ሦስት ሳምንት ያህል በር ዘግተህ ጠብቃት። አጥርህንም ከፍ አድርገው፤ አንዴ የዘለለች ውሻ መንገዱን አትረሳም።