ብርድ ልብሱን ጠዋት የት ላድርገው?

እህቴ ጥያቄሽን አየሁት። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፣ ደሴ ላይ በረንዳ የሚያድሩትን ለመርዳት ከዶርም ልጆች ጋር ብር እያዋጣን ነው፣ ምን ብንገዛ ይሻላል ነው ያልሽው። እኔም እዚያው ነው የተማርኩት። ለጊዜው ምንም አትግዙ።

እኛ ገዝተን ነበራ። ታህሳስ ላይ ነው፣ የደሴን የታህሳስ ሌሊት ታውቂዋለሽ፣ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ከየዶርሙ ለቅመን 30 ብርድ ልብስ ገዛንና ማታ ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ ሰፈር እየዞርን አደልን። ፎቶም ተነሳን፣ አልዋሽሽም። በሳምንቱ ስንመለስ ብርድ ልብስ የያዘው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ጓደኛዬ በገነ፣ "ሸጠው ማስቲሽ ገዝተውበታል" አለ። አንዱን ልጅ፣ 13 ዓመት ቢሆነው ነው፣ የታጠፈ ማዳበሪያ ላይ ቁጭ ብሎ የሰው ጫማ ይጠርጋል፣ የት አደረስከው አልኩት። ቀና ብሎም አላየኝ። "ጠዋት የት ላድርገው? ተሸክሜው ልሥራ?"

ለካ ሱቁ ሳይከፈት ከበረንዳው ይነሳሉ፣ ዕቃ ማስቀመጫ የላቸውም፣ ትተውት ከሄዱ ደግሞ ጉልበተኛ ይወስደዋል። የሸጠም አለ፣ ግን ተሸክሞ ከመዋል ቢሸጠው ምን ይፈረድበታል።

እዚያው አካባቢ ቁም ሳጥን በምታህል ቤት ሻይ የምትሸጥ ሴትዮ አለች፣ እትዬ ነው የምንላት። ለመንናት። "አብሽሩ፣ ቦታ መች ይጠፋል" አለች። ጆንያ ገዝተን በየጆንያው ላይ ምልክት አደረግን፤ ጠዋት ያስረክባሉ፣ ማታ ይወስዳሉ። ያወጣነው ከብርድ ልብሱ ጋር አይወዳደርም። ያን ዓመት ከዚያ ቤት አንድ ብርድ ልብስ አልጠፋም።

የካፌ ትርፍራፊ በፌስታል ማደሉንም እርሺው። ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉበትን አዳራሽ አይጠየፍ ያሉት ሀብታሙም ደሃውም አብሮ እንዲበላበት ነው ይባላል፣ እኛ እዚያው ከተማ ላይ ፌስታል ወርውረን ዞር እንላለን። አብራችሁ ሻይ ጠጡ። ወሬው የሚመጣው ያኔ ነው፤ አንዷ ሰው ቤት ስትሠራ አርግዛ የተባረረች ናት፣ ሌላው ከዓረብ አገር ባዶ እጁን ተመልሶ ቤተሰቡን አፍሮ የቀረ፣ ሌላዋ በ2014ቱ ጦርነት ከቀዬዋ የወጣች። ለሦስቱም አንድ ዓይነት ብርድ ልብስ ምን ያደርጋል?

ከሁሉ በላይ የጠቀምነው በወረቀት ነው። የቀበሌ መታወቂያ ከሌለሽ ቤት አትከራዪም፣ ለደሃ በነፃ የሚሰጠው የጤና መድህን ላይም አትመዘገቢም። መታወቂያ ለማውጣት ደግሞ ከድሮው ቀበሌ መሸኛ ይጠየቃል። ከጦርነት የሸሸ ሰው መሸኛ ከየት ያመጣል? የሕግ ተማሪዎች ማመልከቻ ይጽፋሉ፣ እኛ አብረን ተሰልፈን "ነገ ኑ" ስንባል ነገ እንሄዳለን። አሰልቺ ነው፣ ወላሂ። ከሕፃን ጋር ቧንቧ ውሃ የምታድር አንዲት ልጅ ነበረች፣ ወረቀቷ ያለቀው በአራተኛ ወሩ ነው። በሳምንቱ ቤት ተከራየች፣ እንጀራ እየጋገረች መሸጥ ጀመረች። ብቻዋን ብትሄድ ግን ከጥበቃው አታልፍም ነበር፤ የተማሪ ባጅ አንገት ላይ ሲያዩ ቁጭ በሉ ይላሉ።

ሌላው ስህተታችን ሰኔ ላይ ነው። ፋይናል ጨርሰን ሁላችንም ወደየአገራችን ተበተንን፣ ማንም ለማንም አላስረከበም። መስከረም ስንመለስ ግማሾቹ ልጆች የሉም፣ ብርዱን ሽሽት ኮምቦልቻ ወርደዋል የሚል ወሬ ብቻ። ስለዚህ ከአሁኑ ሁለት የከተማዋን ልጆች፣ ክረምቱን እዚያው የሚከርሙ፣ ጨምሩ። ፍሬሾችም ይግቡ፣ እናንተ ስትመረቁ እትዬን የሚያውቅ ሰው እንዲኖር።

ቤቷ አሁንም አለች። በውስጥ ጻፊልኝ፣ ቦታውን አሳይሻለሁ። መጀመሪያ ቀን ግን ሻይ ብቻ ጠጥተሽ ውጪ፣ ምንም አትጠይቂያት።